ጉልበቱ ታከመ፤ ልጁስ?

ደሴ ላይ ሰው ሲታመም ጠያቂ አያጣም። የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ተጎድቶ ዶርም ሲተኛ የመጀመሪያው ሳምንት ግርግር ነው። ብርቱካን ይመጣል፣ ጁስ ይመጣል፣ «አብሽር፣ ያልፋል» ይባላል። አሰልጣኙ ይደውላል። ቤተሰብ ከገጠር ድረስ ይመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂው ይሳሳል። በሦስተኛው ሁሉም ወደ ልምምዱና ወደ ክፍሉ ተመልሷል። ልጁ ግን አሁንም እዚያው አልጋ ላይ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። የጉልበት ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና ከተሠራ፣ ወደ ጨዋታ ለመመለስ ቢያንስ 9 ወር ይፈልጋል። ጥየቃው ግን ከ2 ሳምንት እምብዛም አያልፍም። በቀሩት ወራት ልጁ ምን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚያስብ፣ ይተኛ አይተኛ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ስፖርተኛ ጉዳት ሲደርስበት አእምሮው ላይ የሚደርሰው ነገር በአብዛኛው የሚከፋው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። የእኔም ነጥብ ይኸው ነው፤ የተጎዳን ልጅ ከቡድኑ አለመነጠል የሕክምናው አካል ነው። ደግነት ብቻ አድርገን ማየት የለብንም።

እንዴት እንደሚሆን ከመጀመሪያው እንይ።

አንድ የሦስተኛ ዓመት የስፖርት ሳይንስ ተማሪ አስቡ። የመስመር ተከላካይ ነው። ኳስ ሊያቋርጥ ዞር ሲል ጉልበቱ ውስጥ «ቋ» የሚል ነገር ይሰማዋል። ጅማታቸው የተበጠሰባቸው ብዙ ተጫዋቾች ይህን ድምፅ ያስታውሳሉ። ማታ ጉልበቱ ያብጣል። በማግሥቱ ክራንች ይዟል።

ይህ ልጅ በአንድ ቀን ያጣውን ቁጠሩ። ማለዳ የሚቀሰቅሰውን ልምምድ አጣ። አብረውት የሚስቁትን፣ አብረውት የሚበሉትን ልጆች አጣ፤ እነሱ ሜዳ ናቸው። የተግባር ትምህርቱ ላይ የሚሮጥበት፣ የሚዘልበት ውጤት አለ፤ እሱም አጠራጣሪ ሆነ። በከተማው ክለብ ተይዞ ትንሽ ብር የሚያገኝ ከነበረ እሱም ቆመ። ከሁሉም በላይ ግን ስሙን አጣ። ግቢ ውስጥ «እገሌ ማን ነው?» ሲባል «ያ ኳስ የሚጫወተው» ይባል ነበር። አሁን «ያ የሚያነክሰው» ሆኗል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጥናት የተፈተሸ ነው። አሜሪካዊው የስፖርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ብሪተን ብሩወርና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ መመዘኛ አዘጋጁ። ሰው ራሱን ምን ያህል በስፖርተኛነቱ ብቻ እንደሚያይ ይለካል። ብሩወር በዚያው ዓመት ባወጣው ጥናት፣ ማንነቱ በሙሉ ስፖርት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ሲጎዳ ወደ ድብርት የመውረድ አደጋው ከፍ እንደሚል አሳየ። ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ምሰሶ ብቻ ያለው ሰው ምሰሶው ሲነቃነቅ ሌላ የሚደገፍበት የለውም። ልብ በሉ፤ ጎበዝ፣ ትጉህ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ የምንለው ልጅ ነው በብዛት እዚህ አደጋ ላይ ያለው። የምናደንቀው ነገር ራሱ ነው የሚጎዳው።

ሰውነቱም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። አዘውትሮ ስፖርት የሚሠራ ሰው ድንገት ሲያቆም ስሜቱ ይወርዳል፣ ድካም ይሰማዋል። ጤነኛ ሰዎችን ለ2 ሳምንት ብቻ ስፖርት አስቁመው በተደረገ ጥናት እንኳ ይህ ታይቷል። ሕመም ያለበት፣ እንቅልፍ የሚያጣ፣ ስለነገ የሚጨነቅ ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እዚህ አካባቢ ሌላም ጫና አለ። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከዶርም ካፌ፣ ከካፌ ክፍል ድረስ በክራንች መሄድ፣ ያውም በክረምት ጭቃ ላይ፣ ጤነኛውንም ያማርራል። ብዙ የተጎዱ ልጆች ምግብ በሰው ማስመጣት ይጀምራሉ፤ ቀስ በቀስም ከክፍሉ መውጣት ይቀራል። ኮምቦልቻ ያለው ተማሪ ደግሞ ለክትትል ደሴ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን በሀረጎ ጠመዝማዛ፣ በሚኒባስ ወንበር መሀል ጉልበቱን አጥፎ የተቀመጠ ልጅ ርቀቱን በኪሎ ሜትር አይለካውም። አንድ ቀጠሮ ይቀራል። ቀጥሎ ሁለተኛው ይቀራል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

የጦርነቱንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሷል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል፣ ተጎድቷል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ካሉት ወጣቶች መካከል ያኔ የተፈናቀለ፣ ዘመድ የቀበረ፣ የተኩስ ድምፅ እየሰማ ያደረ አለ። ከእነዚህ ለአንዳንዱ ኳሱ ወይም ሩጫው መጽናኛው ነበር። ያንን ስትነጥቀው የቆየው ሐዘን ነው የሚመለሰው። አሰልጣኝ «በአንድ ጉልበት እንዲህ ይሆናል እንዴ?» ብሎ የሚገረመው ከጉልበቱ ጀርባ ያለውን ስለማያውቅ ነው።

ሴት ስፖርተኞች ላይ ሌላ ነገር አለ። አንደኛ፣ በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ የፊተኛው የጉልበት ጅማት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ በበለጠ ይበጠሳል። ሁለተኛ፣ ስፖርቱን መጀመሪያም በግድ የፈቀደ ቤተሰብ ሲሆን ጉዳቱ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። «ድሮስ አላልንም?» ይባላል። ልጅቷ ሕመሟን ብትናገር ስፖርቱን ልታቆም ነው። ስለዚህ ትደብቃለች። እያነከሰች «ምንም አልሆንኩም» ትላለች። ማታ ዶርም ውስጥ ማልቀሷን የምታውቀው ከበላይ አልጋ የምትተኛው ጓደኛዋ ብቻ ናት። አባትና እናት ይህን የሚያነብቡ ከሆነ እለምናችኋለሁ፤ በተጎዳችበት ቀን «አይዞሽ ልጄ» በሏት። ስለስፖርቱ መቀጠልና አለመቀጠል ሌላ ቀን ይወራል።

ስሜቱ በአንድ መስመር ቀስ እያለ የሚሻሻል ይመስለናል። አይደለም። የጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና ያደረጉ ስፖርተኞች ሲጠኑ አንድ ነገር ታይቷል። ስሜታቸው የሚከፋው መጀመሪያ ላይ ነው። መሀል ላይ ይሻላል። ከዚያ ወደ ሜዳ ሊመለሱ ሲቃረቡ እንደገና ይወርዳል። ይህ ሁለተኛው መውረድ ሁሉንም ያደናግራል። ጉልበቱ ድኗል፣ ሐኪሙ ፈቅዷል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል፤ ልጁ ግን አይተኛም። ፈርቷል። ሰውነቱ እንደገና ይከዳኛል ብሎ ፈርቷል። ቦታውን የያዘው ልጅ ጎበዝ ነው። የተጎዳው ደግሞ ኳስ ሲመጣ እግሩን ይሰስታል።

ይህን ፍርሃት «ወኔ አጣ» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። የሚፈራ ሰው ጡንቻው ይገተራል፤ ዓይኑም ፊት ለፊት ያለውን ብቻ እያየ ከጎን የሚመጣውን ያጣል። የጭንቀትና የጉዳትን ግንኙነት ያጠኑት አንደርሰንና ዊልያምስ በ1988 እ.ኤ.አ. ይህን አስረድተዋል። ውጥረት ውስጥ ያለ ስፖርተኛ በቀላሉ ይጎዳል። ስለዚህ ፍርሃቱ ሳይታከም ሜዳ የገባ ልጅ ሁለተኛ ጉዳት ይጠብቀዋል።

ጭንቀት ቁስልንም ያዘገያል። አሜሪካ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ለተማሪ አንባቢ በጣም ቅርብ ነው። የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላንቃ ላይ ትንሽ ቁስል ተደረገ፤ አንዱ በእረፍት ጊዜ፣ ሌላው ፈተና ሊገቡ 3 ቀን ሲቀራቸው። የተማሪዎቹ ቁጥር 11 ብቻ ነበር። በፈተናው ሰሞን የተደረገው ቁስል ለመዳን በአማካይ 40 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ተማሪው ያው፣ ቁስሉም ያው፤ የተለየው ጭንቀቱ ነው። እና «ጉልበቱን እናክም፣ ሐሳቡ በኋላ ይደረስበታል» የሚለው አካሄድ ለጉልበቱም አይበጅም።

አሁን ወደ ምልክቶቹ። ከጉዳት በኋላ ማዘን፣ መናደድ፣ ማልቀስ ጤነኛ ነገር ነው። የሚያሳስበው ሲቆይና ሲሰፋ ነው። ሐኪሞች በአብዛኛው 2 ሳምንት የሚለውን መስመር ይጠቀማሉ። ቀኑን ሙሉ የሚባል ሐዘን ወይም ምንም ነገር አለማስደሰት ለ2 ሳምንት ከዘለቀ፣ በዚያ ላይ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ትኩረት ከጠፋ፣ «እኔ ለማንም አልጠቅምም» የሚል ሐሳብ ከመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል። ለዚህ 9 ጥያቄዎች ያሉት አጭር መጠይቅ አለ። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በሀገራችንም ተፈትሿል። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጠይቁ፤ ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

በስፖርተኛ ላይ ግን ድብርት ሁልጊዜ በእንባ አይመጣም። አንዳንዱ በንዴት ይመጣል። በትንሽ ነገር ዶርም ውስጥ ይጣላል። የቡድኑን የቴሌግራም ግሩፕ ለቆ ይወጣል። የጨዋታ ቀን ስልኩን ያጠፋል። ታኬታውን ለሰው ይሰጣል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ሐኪሙ ካዘዘው በላይ ይሠራል። በቀን ሦስቴ የታዘዘለትን እንቅስቃሴ አሥር ጊዜ ያደርጋል፣ ጉልበቱ ያብጣል፣ አሁንም አይተውም። ይህንን እንደ ጥንካሬ እናደንቃለን። ብዙ ጊዜ ግን ጭንቀት ነው።

የወሎ ሰው ስለሆንን ጫቱንም በግልጽ እናንሳው። ከልምምድ የቀረ ልጅ ከሰዓቱ ባዶ ነው። በርጫ ያ ባዶ ሰዓት የሚሞላበት ቀላል ቦታ ነው። ጓደኛ አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ለጥቂት ሰዓት ጉልበቱ ይረሳል። ማታ ግን እንቅልፍ የለም፤ ምግብ አይገባም፤ በማግሥቱ ሀራራውና ድብርቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ለመዳን እንቅልፍና ምግብ የሚያስፈልገው ሰውነት ሁለቱንም ያጣል። ከማስታገሻ መድኃኒቶች ደግሞ ትራማዶል ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሱስ ያስይዛል። ሐኪሙ ካዘዘው ቀን በላይ «ለእንቅልፍ» እየተባለ የሚወሰድ ከሆነ ዝም አትበሉ።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ጉዳይ ለብቻው ነው። እዚያ ላይ ንዴቱ፣ ድብርቱ፣ የማስታወስ ችግሩ ከአንጎሉ መመታት በቀጥታ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ያዞረው፣ ግራ የገባው ተጫዋች በዚያው ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ በፍጹም። የመጀመሪያዎቹን 24 እስከ 48 ሰዓት ረፍት አድርጎ፣ ከዚያ በቀላል እርምጃ ይጀምራል። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወዲያው ሆስፒታል።

ምን ይደረግ? እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሚጠቅመው ነገር አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም።

ከአሰልጣኙ ልጀምር። የተጎዳ ተጫዋች ሜዳ ዳር ተቀምጦ እንዲያይ ብቻ ከተጠራ መምጣቱን ይተዋል። ዝም ብሎ ማየት ያማል። ሥራ ሲሰጠው ግን ይመጣል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጠው። «አንተ፣ የግራ መስመራችን ስንት ኳስ እንደሚያባክን ቁጠርልኝ። በእረፍት ሰዓት ትነግረኛለህ» ይባል። እረፍት ላይም አሰልጣኙ በእርግጥ ይጠይቀው፣ የነገረውንም ለቡድኑ ይናገር። ልጁ «ጋሼ፣ በግራ በኩል የሚባክነው ሁሉም ከመወርወር ነው» ሲል ሌሎቹ ዞር ብለው ያዩታል። በዚያች ደቂቃ የሚያነክሰው ልጅ አይደለም። ቡድኑ ውስጥ ነው። ሆጤ ስታዲየም ላይ በግጥሚያ ቀን ከተቀያሪዎች ጋር መቀመጥ፣ ማሊያ መልበስ፣ ለቡድኑ ፎቶ መጠራት፤ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ። ለተጎዳው ግን ትንሽ አይደሉም።

የዶርም ጓደኞች ደግሞ ተራ ያውጡ። አንዱ ማክሰኞ፣ አንዱ ዓርብ። ሦስት ወር፣ አምስት ወር ድረስ። አንድ ላይ መጥቶ አንድ ላይ ከመጥፋት ይህ ይሻላል። መጥታችሁም «አሁን እንዴት ነው ጉልበትህ?» ብቻ አትበሉ። ስለ ሴሚናሩ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሌላ ነገር አውሩት። ከጉልበቱ ውጪም ሰው መሆኑን የሚያስታውሰው ያ ነው። ቡና ካለ ደረጃውን ደግፋችሁ አውርዱትና ውጪ ጠጡ።

ልጁ ራሱ ማድረግ የሚችለውም አለ። «በ9 ወር እመለሳለሁ» የሚለው ግብ በጣም ሩቅ ነው፤ በየቀኑ ሲያዩት ያደክማል። «በዚህ ሳምንት ጉልበቴን ቀጥ አድርጌ እዘረጋለሁ» የሚለው ግን ይደረስበታል። ደብተር ላይ ይጻፍ። ከዚያ በተጨማሪ ሰውነትን ማፍታታትና በሐሳብ መለማመድ የሚባል ዘዴ አለ። ዓይንን ጨፍኖ፣ በቀስታ እየተነፈሱ፣ ጉልበቱ ሲጠነክር፣ ያለሕመም ሲሮጥ በዝርዝር ማየት ነው። ተረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የጉልበት ጅማት የተሠራላቸው 30 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ይህን 10 ጊዜ የተለማመዱት ከ24 ሳምንት በኋላ ፍርሃታቸውና ሕመማቸው ከሌሎቹ ያነሰ፣ ጉልበታቸውም የጠነከረ ሆኖ ተገኝቷል። ዱአውም ጸሎቱም ከዚህ ጋር አይጋጭም። የሚያረጋጋ ነገር ሁሉ ይደረግ፤ የሕክምና ቀጠሮው ግን አይቅር።

ወጌሻ ጋ መሄድ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ብዙዎቹም በቀና ልብ ነው የሚሠሩት። ስብራት ወይም የጅማት መበጠስ ከተጠረጠረ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። አጥብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

ወደ ሜዳ መመለስን በተመለከተ እውነቱን መንገር ይሻላል። «ቀነኒሳን አታይም? ተጎድቶ አልተመለሰም?» ይባላል። እውነት ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ ከረጅም የባት ጉዳት በኋላ በ2012 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 ሮጧል። ሁሉም ግን አይመለስም። የጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና ያደረጉ ከ7,000 በላይ ሰዎችን መረጃ ያጠቃለለ ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። 81 በመቶው ወደ ሆነ ዓይነት ስፖርት ተመልሰዋል። ወደ ውድድር ደረጃ የተመለሱት ግን 55 በመቶ ናቸው። ይህን የማያውቅ ልጅ ሳይመለስ ሲቀር ጥፋቱ የራሱ ብቻ ይመስለዋል።

መቸኮል ደግሞ አደገኛ ነው። ከኖርዌይና ከአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እስከ 9 ወር ድረስ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር እንደገና የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ደርሷል ተብሎ በ6 ወር የተጎተተ ልጅ ምን ላይ እንደሚጣል አስቡ። ከመመለሱ በፊት ጉልበቱ ብቻ አይለካ። አእምሮው ዝግጁ መሆኑን የሚጠይቅ 12 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አለ። እሱ ባይገኝ እንኳ አሰልጣኙ ለብቻው ወስዶ «ኳስ ስትጫወት ጉልበትህን ታስባለህ? እንደገና ይጎዳል ብለህ ትፈራለህ?» ብሎ ይጠይቀው። «አዎ» ካለ እንደ ውርደት አይቆጠርበት። ንክኪ ከሌለው ልምምድ ይጀምር፤ ቀስ ብሎ ይጨምር።

«በቃኝ፣ አቆምኩ» የሚለውን ውሳኔ ደግሞ በሕመሙ ሰዓት አትቀበሉት። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2003 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱ አሞት አቋረጠና በዚያው ቀን እያለቀሰ ሩጫ ማቆሙን ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። ሙሉ በሙሉ ያቆመው በ2007 ዓ.ም. ነው። ስንት ክብረ ወሰን የሰበረ፣ በዓለም የታወቀ ሰው በጉዳት ቀን እንዲህ ከተናወጠ፣ የ20 ዓመት ተማሪ በዚያው ቀን ትምህርቱንም ስፖርቱንም ልተው ቢል አይገርምም። «እሺ፣ ሰምቼሃለሁ። ከወር በኋላ እናውራበት» በሉት።

የመጨረሻው ነገር ከባዱ ነው። «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚል፣ ዕቃውን የሚያከፋፍል፣ ድንገት የሚሰናበት ልጅ ካለ በቀጥታ ጠይቁት። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብዙ ጊዜ ያቀልለታል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። መድኃኒትና ስለት ያለው ነገር ከአጠገቡ ይነሣ። አንድ ሰው አብሮት ይሁን፣ ሌላው ለሕክምና ያመቻች። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሌሊት ከሆነ በድንገተኛ ክፍል በኩል ይገባል። የሚሰጠው ሕክምና ምክክር ወይም መድኃኒት ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የድብርት መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። ሥራው እስኪታይ ግን ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ ይህን ያላወቀ ልጅ በአራተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። እንዳይተወው የቡድን ጓደኛ አብሮት ለቀጠሮው ይሂድ፤ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ከሆነ የፊት ወንበር ያዙለት፣ እግሩን ዘርጋ ያደርጋል።